በደን ውስጥ የተራራ ብስክሌት መንገድ፦ አፈሩን የሚያጥበው ጎማው ወይስ ውሃው?

በደን በተሸፈኑ መናፈሻዎች የተራራ ብስክሌት ሲፈቀድ የሚነሣው ክርክር በየአገሩ ተመሳሳይ ነው። እግረኞች ጎማው አፈሩን ያርሳል፣ የዛፉን ሥር ያራቁታል ይላሉ፤ ብስክሌተኞች በበኩላቸው ከእግር የባሰ ጉዳት አናደርስም ብለው ይሟገታሉ። አስተዳደሩም በመከልከልና በመፍቀድ መካከል ይዋልላል። ሁለቱም ውሳኔዎች የሚመነጩት ችግሩ ያለው ተጠቃሚው ዘንድ ነው ከሚል እሳቤ ነው። የመስክ ሙከራዎች ውጤት ግን ትኩረትን ወደ መንገዱ አቀማመጥ ያዞራል።

ሰርስተንና ሪደር የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በቦይን ቫሊ መናፈሻ ያካሄዱትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2001 አሳትመዋል። ቅጠሉ በየዓመቱ በሚረግፍ ደን ውስጥ የሙከራ መስመሮችን አበጅተው፣ በአንዳንዶቹ እግረኛ፣ በሌሎቹ ብስክሌተኛ ከ25 እስከ 500 ጊዜ እንዲያልፍባቸው አደረጉ። ሁለቱም ዕፀዋትን አጥፍተዋል፤ አፈርንም ገላልጠዋል፤ ነገር ግን በመካከላቸው ጉልህ ልዩነት አልታየም። ጉዳቱ በመስመሩ መካከለኛ ክፍል የተወሰነ ነበር፤ ከአንድ ዓመት በኋላም የዕፀዋቱ ሽፋን አገግሞ ተገኝቷል። ከዚያ ቀደም ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ1994፣ ዊልሰንና ሴኒ በአሜሪካ ሞንታና የእግረኛ፣ የፈረስ፣ የሞተር ብስክሌትና የብስክሌት ጉዞ በነባር መንገዶች ላይ የሚያደርሰውን ተጽዕኖ አነጻጽረው ነበር። በሰው ሠራሽ ዝናብ በተደረገው በዚህ ልኬት፣ ለመታጠብ የተዘጋጀ ልቅ አፈር በብዛት የተገኘው ከጎማ ይልቅ በሰኮናና በእግር ከተረገጠው መሬት ነው፤ በተለይም መሬቱ አስቀድሞ ሲረጥብ።

እነዚህ ውጤቶች ለብስክሌት የተሰጠ የነጻነት ማረጋገጫ ተደርገው ሲጠቀሱ ይስተዋላል፤ ይህ ከመረጃው በላይ መሄድ ነው። 500 ምልልስ በሥራ ላይ ካለ መንገድ አጠቃቀም ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ጎማ ከእግር የሚለይበት ጠባይም አለው፤ የእግር ዱካ የተቆራረጠ ሲሆን የጎማ ዱካ ያልተቋረጠ መስመር ነው። በቁልቁለት ላይ ፍሬን ተይዞ ጎማው ሲንሸራተት መስመሩ ይጠልቃል፤ የጠለቀ መስመር ደግሞ ለውሃ ቦይ ነው። ስለዚህ ጎማው ውሃውን ይጋብዘዋል፤ አፈሩን ተሸክሞ የሚሄደው ግን ውሃው ነው። ውሃው ምን ያህል እንደሚሸከም የሚወስነው መንገዱ ከተዳፋቱ አንጻር የተዘረጋበት አቅጣጫ ነው።

የመንገድ ቀያሾች «የግማሽ ደንብ» የሚሉት መመሪያ የሚመነጨው ከዚህ ነው። በመመሪያው መሠረት የመንገዱ ቁልቁለት መንገዱ ከሚያቋርጠው የተራራ ጎን ተዳፋትነት ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ጎኑ 20 በመቶ ከሆነ መንገዱ ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ ጎኑ 8 በመቶ ብቻ ከሆነ ደግሞ 4 በመቶ ይበቃዋል። ሁለተኛው ስሌት ለብዙዎች እንግዳ ነው፤ ለጥ ያለ መሬት አስተማማኝ ይመስላልና። ሆኖም በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ውሃው ወደ ጎን የሚወጣበት ዝቅታ ስለሚያጣ መንገዱን ይዞ ይወርዳል። መንገዱን ወደ ቁልቁለቱ በኩል በ5 በመቶ ገደማ ማዘንበልም የተለመደ ነው፤ ይሁንና መሐሉ በአጠቃቀም እየጎደጎደ፣ ጠርዙም እየተቆለለ ስለሚሄድ ዝንባሌው ብዙ አይቆይም። ይበልጥ የሚያስተማምነው መንገዱ እየወረደ ሳለ በየርቀቱ ጥቂት ሽቅብ እንዲወጣ ማድረግ ነው፤ ውሃው በዝቅታው ላይ ወደ ጎን ይወጣል።

ዕውቀቱ ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ አዲስ አይደለም። በማሳው ላይ ፈሰስ የሚያወጣ ገበሬ ትርፉን ውሃ ተዳፋቱን አግድም ሰያፍ ቆርጦ ያስወጣል፤ ፈሰሱ ከልክ በላይ ቁልቁል ከሆነ ቦረቦር እንደሚወልድ ያውቃል።

በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ለብስክሌትም ለፈረስም ግልቢያ ስፍራ አለው። በዚህ ስፍራ የኦንታሪዮን ውጤት እንዳለ መቀበል አይቻልም። የእንጦጦ ደን በአመዛኙ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ወዲህ የተስፋፋ ባሕር ዛፍ ነው፤ ከሥሩ ያለው የሣርና የቁጥቋጦ ሽፋን በብዙ ቦታ ስስ ነው፤ ቅጠሉና ጭራሮውም ለማገዶ ሲጠረግ ኖሯል። ዝናቡም በክረምት ወራት ተጠቃልሎ ይወርዳል። በአንድ ዓመት ማገገም የሚለው ግኝት ዘርና ሥር የበዛበትን መሬት ታሳቢ ያደርጋል። ከዚህም ሌላ በተራራው ላይ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች ለዘመናት የተመላለሱባቸው ነባር መንገዶች አሉ። ቀጥታ ቁልቁል የሚወርድ ነባር መንገድ ያለ ለውጥ ለብስክሌት ቢሰጥ፣ ቦረቦሩ በሚቀጥለው ክረምት ሲሰፋ ተወቃሹ ጎማው ይሆናል፤ መንገዱን ወደ ተራራው ወገብ የማዛወሩ ሥራም ይዘገያል።

ሁለቱን ምክንያቶች ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። የመንገዱንና የጎኑን ተዳፋትነት በተዳፋት መለኪያ መመዝገብ፣ የመንገዱን ጥልቀትም በቋሚ ችካሎች መካከል በተወጠረ ገመድ በሰኔ መግቢያና በመስከረም መጨረሻ መለካት ይቻላል። ተመሳሳይ ቁልቁለት ካላቸው ሁለት መንገዶች አንዱ ለክረምቱ ለማንኛውም ተጠቃሚ ቢዘጋ፣ በዝጉ መንገድ ላይ የሚታየው የጥልቀት ለውጥ የውሃው ብቻ ድርሻ ነው።