ትኩስ፣ የሐበሻ፣ የሰፈር፦ ምን ማለት ናቸው?

ጎመን ስትላኩ እነዚህን ሦስት ቃላት ለዩ።

ትኩስ፦ በቅርብ ጊዜ የተቀጠፈ ማለት ነው። ሻጮች ውሃ ስለሚረጩበት ቅጠሉን ብቻ አትመኑ፤ የተቆረጠበትን ጫፍ እዩት። ከደረቀ ወይም ከጠቆረ ቆይቷል።

የሐበሻ፦ ዝርያውን እንጂ የበቀለበትን ቦታ አይናገርም።

የሰፈር፦ ቅርብ የበቀለ ነው። ሃይሌ ጋርመንት ገበያ ከሚመጣው ቲማቲም ብዙው ከመቂና ከባቱ አካባቢ በመኪና ተጭኖ ነው። ሰላጣና ቆስጣ ግን እዚሁ መካኒሳ፣ ትንሹ አቃቂ ወንዝ ዳር ለብዙ ዓመታት ሲመረት ኖሯል። ጠዋት የተቀጠፈው ለምሳ ይደርሳል።

ታዲያ ትኩስና የሰፈር ከሆነ ንጹህ ነው? ላይሆን ይችላል። ወንዙ ውስጥ የፋብሪካና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ይገባል። ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ወንዞች ከለሙ ቅጠሎች ውስጥ እርሳስና ካድሚየም አግኝተዋል። (መጻፊያው እርሳስ ሳይሆን ብረቱ!) በደንብ ማጠብ አፈሩን ያስወግዳል፣ ማብሰል ጀርሙን ይገድላል፤ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን ብረት ግን ሁለቱም አያጠፉትም።

ፍሳሹን የለቀቁት አትክልተኞቹ ስላልሆኑ በእነሱ ብቻ አንፍረድ። ግን «መቼ ተቀጠፈ?» ካላችሁ በኋላ «በምን ውሃ አደገ?» ብላችሁም ጠይቁ። ለቤተሰብም ንገሩ።