ለዓሣ ኩሬ አንቲባዮቲክ ወይስ ፕሮባዮቲክ?

የዛሬው ርዕሳችን ስለ ዓሣ እርባታ ነው። «ዶክተር፣ ወደ ዓሣ ሕክምና ገቡ እንዴ?» እንዳትሉኝ! ኩሬ ውስጥ የሚጨመር መድኃኒት ዞሮ ዞሮ የእኛም ጉዳይ ስለሆነ ነው።

ችግሩ ምንድነው?

በኩሬ የሚረባ ዓሣ፣ ቆሮሶም ይሁን አምባዛ፣ የሚበላውም የሚጸዳዳውም እዚያው ውሃ ውስጥ ነው። ብዙ ዓሣ በጠባብ ቦታ ሲታጨቅና ውሃው ሲበላሽ እንደ ኤሮሞናስና ስትሬፕቶኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎች ዕድል ያገኛሉ። ዓሣው ይቆስላል፣ ሆዱ ይነፋል፣ ይሞታል።

አርቢው ደንግጦ አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ቢቀላቅልስ? ከመድኃኒቱ የተወሰነው ባልተበላ መኖና በዓይነ ምድር በኩል ወደ ውሃው ይገባል። እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይላመዱታል። የመላመድ ችሎታቸውንም ሰውን ለሚያሳምሙ ባክቴሪያዎች ጭምር ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ለምሳሌ በብዙ አገሮች ለዓሣ የሚሰጠው ኦክሲቴትራሳይክሊን እኛ ለሰው ከምናዝዘው ዶክሲሳይክሊን ጋር የአንድ ቤተሰብ ነው። ዛሬ ኩሬ ውስጥ ያለአግባብ የተጨመረ መድኃኒት ነገ ለታመመ ሰው አልሠራ ሊል ይችላል ማለት ነው።

ፕሮባዮቲክ ምን ያደርጋል?

ፕሮባዮቲክ የምንላቸው በበቂ መጠን ሲሰጡ ለጤና የሚጠቅሙ ሕያው ተህዋስያን ናቸው። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት ላክቶባሲለሶችም የዚሁ ዘመድ ናቸው። ለዓሣ ባሲለስ፣ ላክቶባሲለስ፣ ፔዲዮኮከስና እርሾ ይውላሉ። ሥራቸውም ይሄ ነው፦

1. የዓሣው አንጀት ውስጥ ቦታና ምግብ በመሻማት ጎጂ ባክቴሪያዎች እንዳይሰፍሩ ያደርጋሉ።
2. ኢንዛይም በማመንጨት መኖው በደንብ እንዲፈጭ ያግዛሉ።
3. የዓሣውን በሽታ የመከላከል አቅም ያነቃቃሉ።
4. ወደ ውሃው የሚጨመሩት ደግሞ የመኖ ትርፍና ቆሻሻን ይሰባብራሉ።

ግን ተአምር አትጠብቁ። ውጤቱ እንደ ዓሣው ዓይነት፣ እንደ ውሃው ሙቀትና እንደ መጠኑ ይለያያል። መስጠቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ከአንጀቱ ይጠፋሉ። የታመመ ዓሣንም አያድኑም፤ ጥቅማቸው አስቀድሞ መከላከል ላይ ነው። ኖርዌይን እንይ፦ እ.ኤ.አ. በ1987 ለሳልሞን እርባታ ወደ 50 ቶን የሚጠጋ አንቲባዮቲክ ትጠቀም ነበር። አሁን በዓመት ከ1 ቶን በታች ነው። ይህ የሆነው በፕሮባዮቲክ ሳይሆን በዋናነት በክትባትና በተሻለ አያያዝ ነው። ፕሮባዮቲክም ከጥሩ አያያዝ ጋር ሲሆን ነው ፍሬ የሚያፈራው።

ለአርቢዎች

• መጀመሪያ ውሃው! ዓሣ አታጨናንቁ፣ ከሚበላው በላይ መኖ አትጣሉ።
• ለዓሣ የተዘጋጀ፣ የተህዋስያኑ ዓይነትና መጠን እንዲሁም የአገልግሎት ጊዜው የተጻፈበትን ምርት ብቻ ግዙ።
• በትኩስ መኖ ላይ አትቀላቅሉ፤ ብዙዎቹ በሙቀት ይሞታሉ። ባሲለስ ግን ጠንካራ ዘር ስለሚፈጥር የተሻለ ይቋቋማል።
• ከአንቲባዮቲክ ወይም ከክሎሪን ጋር አብራችሁ አትስጡ፤ ተህዋስያኑን ይገድሏቸዋል።
• «እርጎም ፕሮባዮቲክ ነው» ብላችሁ ኩሬ ውስጥ እንዳትደፉ! ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርስና ዓሣውን ያፍናል።
• ዓሣው ውሃው ላይ ወጥቶ አየር የሚቀማ፣ የቆሰለ ወይም ሚዛኑን ስቶ የሚዋኝ ከሆነ የእንስሳት ወይም የዓሣ ሀብት ባለሙያ ጥሩ። የሰው መድኃኒት በፍጹም አትስጡ።

ለተመጋቢዎች

«ፕሮባዮቲክ የበላ ዓሣ ብበላ ለእኔም አንጀት ይጠቅመኛል?» አይ፣ አይተላለፍም። አንጀቱ ይጣላል፣ ሥጋው ይበስላል። በዚህ ያረባ ዓሣ ነው ተብሎ ጥሬውን በዳጣ መብላትም አስተማማኝ አይደለም፤ ፕሮባዮቲክ ጥገኛ ትሎችንም ሆነ ሌሎች ጀርሞችን ከሥጋው ላይ አያጠፋም። በደንብ አብስላችሁ ብሉ።

ዓሣ የሚያረባ ወዳጅ ካላችሁ ይህን አጋሩት፤ አንድ አላስፈላጊ አንቲባዮቲክ ማስቀረት ለሁላችንም ነው። ጥያቄ ካላችሁ ጻፉልኝ።

ጤና ይብዛላችሁ!