ለሴቶቹ ምን ተነገራቸው?

ዲፖ፣ በየሦስት ወሩ የሚወሰደው የወሊድ መከላከያ መርፌ፣ በጋሞ ከጨንቻ ደጋ እስከ አባያ ዳር ቆላ እንግዳ ነገር አይደለም። በ2008 ዓ.ም. አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ካገቡ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 36 በመቶዎቹ መከላከያ ሲጠቀሙ 23 በመቶዎቹ የመረጡት መርፌውን ነበር።

ይኸው መድኃኒት እስራኤል ውስጥ ከባድ ክርክር አስነስቷል። ቀደም ሲል በሃይፋ የሚገኝ አንድ የሴቶች ድርጅት፣ ከሕዝቡ 2 በመቶ ገደማ የሆኑት ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከመርፌው ተጠቃሚዎች ከግማሽ በላይ መሆናቸውን አስታውቆ ነበር። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ጋዜጠኛዋ ጋል ጋባይ በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን የሴቶቹን ቃል አሰማች። ከ30 በላይ ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ጎንደርና አዲስ አበባ ባሉ ካምፖች ወደ እስራኤል የሚያደርጉትን ጉዞ ሲጠብቁ መርፌው ክትባት ነው እንደተባሉ፣ ካልተወጉም እንደማይሄዱ እንደተነገራቸው የተናገሩ ነበሩ። በካምፖቹ ክሊኒክ ይሠራ የነበረው ድርጅት ክሱን አስተባበለ።

በዚያው ዓመት ጥር የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ሮኒ ጋምዙ፣ ሴቲቱ ውጤቱን ላትረዳ ትችላለች የሚል ጥርጣሬ ካለ ማዘዣው እንዳይታደስ ለጤና ተቋማት ጻፉ። ደብዳቤው በክሱ ላይ አቋም አልያዘም። በ2008 ዓ.ም. የመንግሥት ተቆጣጣሪው ሴቶቹ ተገደው ለመወጋታቸው ማስረጃ አላገኘሁም አለ። ብዙዎች ጉዳዩ በዚህ ተዘጋ ይላሉ። እኔ ግን አልተዘጋም እላለሁ። አለመገደድ አንድ ነገር ነው፤ ምን እየተወጉ እንደሆነ ማወቅ ሌላ። ጉዞው በሌላ ሰው እጅ ያለ ሴት፣ ማንም እጇን ባይዛትም፣ «እምቢ» ማለት አይቀላትም።

ሴቶቹ ምን ተነገራቸው የሚለው ጥያቄ ጋሞ ድረስ ይመጣል። መርፌው የሚወደድበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ለገበያ የወረደች እናት ጤና ኬላ ጎራ ብላ ተወግታ ትመለሳለች፣ በየቀኑ የሚዋጥ ነገር የለም፣ ባሏ ካልፈቀደም በቤት የሚታይ ምልክት የለውም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ብዙውን ጊዜ የዚያው ቀበሌ ልጅ ናት፤ በጋሞኛ ታስረዳታለች። ትልቅ ጥቅም ነው፤ ግን ሁሉም ተነግሯታል ማለት አይደለም።

ስለዚህ እዚህ የሚመረምር ጋዜጠኛ ስንት ሴት ተወጋች ብሎ ብቻ አይመለስ። በክንድ ስለሚቀበረው መከላከያና በማህፀን ስለሚቀመጠው ሉፕ ተነግሯት ነበር? የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቀር እንደሚችልስ? መርፌውን ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመት ሊፈጅ ይችላል፤ በቅርቡ መውለድ የምትሻ ሙሽራ ይህን መስማት ያለባት ከመወጋቷ በፊት ነው።