ክራሩን አስቀምጦ ፒያኖ መንካት ዕረፍት ነው?

«ክራሩ ሲያደክምህ ፒያኖ ንካ፤ እጅህ ያርፋል።» ከአንድ በላይ የሙዚቃ መሣሪያ የሚማር ወጣት ይህን ምክር ከመምህርም ከጓደኛም ይሰማል። ሰምቶም ይሠራበታል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ክራር ይገርፋል፤ ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ፒያኖ ላይ ይቀመጣል፤ ማታ ደግሞ ከጓደኞቹ ጋር ሁለት ሰዓት ጊታር ይዞ ያመሻል። እያንዳንዱን ለየብቻ ስለሚቆጥር ልምምዱ አይበዛበትም። ክንዱ ግን የቆጠረው ስድስት ሰዓት ነው። ቆይቶ የውኃ ጠርሙስ መክፈት ሲያቅተው፣ ሌሊት እጁ ደንዝዞ ሲቀሰቅሰው፣ ጥፋቱን በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደሚያላክክ ይጠፋዋል።

ምክሩ ከባዶ የመጣ አይደለም። መሣሪያ ሲቀየር የሚያርፍ ነገር አለ፦ በጊታር ክር የተላጠ የጣት ጫፍ ፒያኖ ላይ አይቃጠልም፤ ቫዮሊን የያዘ አንገትም ፒያኖ ፊት ይቃናል። መሰላቸትም ይቀንሳል። የማያርፈው ዋናው ሠራተኛ ነው። ጣቶች በውስጣቸው ጡንቻ የላቸውም። መዳፍ ውስጥ ካሉት ትንንሾቹ በቀር፣ ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ጡንቻዎች የሚገኙት በክርንና በእጅ አንጓ መካከል ነው። ጣትን ከሚያጥፉት ውስጥ 9 ጅማቶች ከአንድ ነርቭ ጋር ተጨናንቀው በአንጓው ጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። የክራርን ክር ለማፈን፣ የማሲንቆን ጭራ ለመንካት፣ የጊታርን አንገት ለመጨበጥ፣ የፒያኖን ቁልፍ ለመምታት የሚጠሩት እነዚሁ ጡንቻዎች ናቸው። ጤፍ ሲሸከም ያረፈደ ሰው ከሰዓት ሲሚንቶ ቢሸከም ጀርባው አረፈ የሚል የለም።

እዚህ ላይ የፒያኒስቷ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ስም መነሳቱ አይቀርም። በወጣትነታቸው ካይሮ ሲማሩ በቀን 9 ሰዓት፣ ማለትም 4 ሰዓት ቫዮሊን፣ 5 ሰዓት ፒያኖ ይለማመዱ ነበር። ታሪኩን ለተማሪ የሚተርኩ ሰዎች የሚዘሉት ቀጣዩን ክፍል ነው፦ ጤናቸው ታውኮ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ለሕመሙ ምክንያት የሚባለው የካይሮ ሙቀት እንጂ እጃቸው አይደለም። ያም ሆኖ የአንዲትን ልዩ ሰው የጊዜ ሰሌዳ በገና ትናንት ለጀመረ የ16 ዓመት ልጅ መለኪያ አድርጎ ማቅረብ ልጁን መጉዳት ነው።

ከዚህ የሚብሰው «ሳያምህ አይለመድም» የሚለው ነው። አሜሪካዊው ፒያኒስት ሊዮን ፍላይሸር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ፣ ዝናው በናኘበት ወቅት፣ የቀኝ እጁ ሁለት ትንንሽ ጣቶች ወደ መዳፉ መታጠፍ ጀመሩ። ቆም ከማለት ይልቅ ልምምዱን ጨመረ፤ ይህም እንደጎዳው በኋላ በግልጽ ተናግሯል። ሕመሙ አንጎል የጣቶችን እንቅስቃሴ በትክክል ማዘዝ የሚያቅተው ዓይነት ነበር። ከሠላሳ ዓመታት በላይ ለግራ እጅ ብቻ የተጻፉ ሥራዎችን ሲጫወት፣ ሲያስተምርና ኦርኬስትራ ሲመራ ኖሮ፣ በሁለት እጁ የተጫወተበትን አልበም ያወጣው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ነው። «ቻለው፣ ያልፋል» የሚል መምህር ይህን ታሪክ ማወቅ አለበት።

በእርግጥ የሚያልፍ ሕመም አለ። ጀማሪ የክር መሣሪያ ተማሪ የጣቱ ጫፍ ቆዳ ይቆስላል፣ ይጠነክራል፣ ይረሳል። አባባሉም የተወለደው ከዚሁ ሳይሆን አይቀርም። የአንጓና የክንድ ሕመም፣ መደንዘዝና መውረር ግን ከቆዳ ጋር አንድ አይደሉም፤ የሚጠነክር ነገር የለም።

«ጣት ለማጠንከር ኳስ ጭመቅ» የሚሉም አሉ። የደከመን ጡንቻ ይበልጥ ያደክማል እንጂ ፍጥነት አይሰጥም። ጀርመናዊው የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን ጣቱን በማጠንከሪያ መሣሪያ ሊያሠለጥን ሞክሮ ነበር፤ ቀኝ እጁ ተጎድቶ ፒያኒስት የመሆን ሕልሙ ቀረ። የጉዳቱ ትክክለኛ መንስኤ እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ መሣሪያው እንዳልጠቀመው ግን አያከራክርም። እጅ ሲደነዝዝ ወደ ወጌሻ ሄዶ ማሳሸትስ? ነርቩ ለተጫነ እጅ የሚያስፈልገው ሐኪምና ፊዚዮቴራፒስት ነው። ሙቅ ውኃ ያዝናናል፤ የተጎዳውን አይጠግንም። «ልጅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለውም ስህተት ነው፤ ትንሽ እጅ ለአዋቂ በተሠራ ጊታር ላይ ይበልጥ ይለጠጣል።

ሁለትና ሦስት መሣሪያ መማር ግን የሚከለከል ነገር አይደለም። ሰዓቱ ሁሉ በአንድ ደብተር ይመዝገብ። አዲስ መሣሪያ ሲጀመር ጊዜው ከነባሩ ይቀነስ እንጂ በላዩ አይደረብ። በየ25 ደቂቃው እጅ ወደ ታች ይውረድ፤ በዚያ ዕረፍት ስልክ መነካካት እነዚያኑ ጣቶች ማሠራት ነው። ዜማውን በድምፅ ማንጎራጎር፣ ምቱን በእግር መቁጠር፣ የታላላቆቹን ቅጂ ማዳመጥ ልምምድም ነው፣ ለእጅም ዕረፍት ነው። ከበዓል የተመለሰ ተማሪም ለፈተና ቸኩሎ የድሮውን ሰዓት በመጀመሪያው ቀን አይያዝ፤ በግማሹ ጀምሮ በሳምንትና በሁለት ሳምንት ይድረስበት።