ሜዳ የሚያበላሸው ትንሹ ኩሽኔታ

ፔፕ ጋርዲዮላ እ.ኤ.አ. በ2016 ማንቸስተር ሲቲን ሲረከብ የሣሩ ቁመት ወደ 19 ሚሊ ሜትር ዝቅ እንዲልለት መጠየቁ በወቅቱ ተዘግቦ ነበር። ሰውየው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሣር ሲያጥርና እኩል ሲሆን ኳስ ትፈጥናለች፤ ሲዘበራረቅ ግን በአንድ ንክኪ ያልቅ የነበረው ቅብብል ሁለትና ሦስት ንክኪ ይፈልጋል። ዩኤፋም በውድድሮቹ ሣሩ ከ30 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ደንግጓል።

ታላላቆቹ ክለቦች እንደ መቀስ የሚቆርጥ ባለ ሲሊንደር ማጨጃ አላቸው። በእንግሊዝ ዝቅተኛ ሊጎች የሚጫወቱት የመንደር ክለቦችስ? ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ ሜዳቸውን የሚንከባከቡት በበጎ ፈቃደኞች ሲሆን፣ መሣሪያቸው ተቀምጠው የሚነዱት አሮጌ ማጨጃ ቢሆን አይገርምም። የሜዳው ዕጣ ፈንታ ታዲያ በማሽኑ ሆድ ሥር ባለች ትንሽ ዕቃ ላይ ይወድቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመቀመጫው ሥር ባለው ሰፊ የብረት ክዳን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ቢላዋዎች ይሽከረከራሉ። እያንዳንዱ ቢላዋ የታሰረበት ቋሚ ዘንግ ከላይና ከታች በኩሽኔታ ተይዞ በቺንጋ ይዞራል። የአሜሪካ የደኅንነት ደረጃ ለቢላዋው ጫፍ የፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰከንድ 96 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት ሲሰላ ወደ 347 ኪሎ ሜትር፣ የፎርሙላ አንድ መኪና በለው!

ኩሽኔታው ሲያልቅ መሀል ላይ በዓይን የማይታየው ላላ ማለት ጫፉ ላይ ሲደርስ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር መዋዠቅ ይሆናል። ቢላዋው አንዱን ቦታ እስከ አፈር ይላጫል፣ ሌላውን ይዘላል። የተቦጫጨቀው ሣር ጫፉ ይነጣል፣ ለበሽታም ይጋለጣል። ተጫዋቹም ኳሷ ስትነጥርበት «ምን ዓይነት ሜዳ ነው?» ይላል።

ጆሮ ያለው የሜዳ ሠራተኛ ቀድሞ ያውቃል። ማሽኑ ያጉረመርማል፣ የዘንጉ ቤት ይግላል፣ ቺንጋው ይወጣል። ያኔ ሞተሩ ይጠፋል፣ የካንዴላው ገመድ ይነቀላል፣ ክዳኑ ከማሽኑ ሥር ይወጣል። ቢላዋው እንዳይዞር በእንጨት ተወጥሮ ብሎኑ ይፈታል። የዛገ ከሆነ ዘይት ጠጥቶ ይደር። አንዳንዱ በተቃራኒው ስለሚፈታ ጉልበት ከመጨመር በፊት አቅጣጫውን ማወቅ ይበጃል።

አሮጌው ኩሽኔታ ሲወጣ ጎኑ ላይ ያለው ቁጥር ይነበባል። ለምሳሌ 6203 ከሆነ የውስጡ ስፋት 17፣ የውጩ 40፣ ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። መለኪያው ዓለም አቀፍ በመሆኑ የማጨጃውን አምራች ደጅ መጥናት ላያስፈልግ ይችላል። ሲቀየር ደግሞ የላዩም የታቹም አብረው ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሲገጥሙ ነው። ኩሽኔታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚገፋው በውጩ ቀለበት፣ ዘንግ ላይ ሲገባ ደግሞ በውስጡ ቀለበት ነው። ያለበለዚያ ምቱ በኳሶቹ በኩል አልፎ አዲሱን ዕቃ ገና ሳይሠራ ይገድለዋል። በሁለቱ መካከል የነበረችው ቧንቧ ከተረሳችም ብሎኑ ሲጠብቅ ኩሽኔታዎቹ ተጨንቀው ይቃጠላሉ። ቢላዋውም ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይመዘናል፤ የከበደው ጎን ይሞረዳል። ሚዛኑን የሳተ ቢላዋ አዲሱን ኩሽኔታ ዳግም ይበላዋልና።

ጥገናው ካለቀ በኋላም ዘንጉ ላይ ኃይለኛ ውኃ መርጨት ክልክል ነው። ውኃው ግሪሱን አጥቦ ዝገት ያስገባል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ማጉረምረሙን ሰምቶ ዝም ያለ ክለብ ኋላ ላይ ዘንጉንም፣ የዘንጉን ቤትም ይገዛል፤ የተላጨው ሣር ደግሞ እስኪያገግም ሳምንታት ይፈጃል። ጨዋታው ግን ቅዳሜ ነው። ሥራው የተሳካለት የሜዳ ሠራተኛ ዘንጉን በእጁ ሲያዞረው ድምፅ አይሰማም። ቅዳሜ ዕለትም ስለ ሜዳው የሚያወራ የለም፤ ለእሱ ከዚህ የበለጠ ድል የለም።