ስብሰባው የቀበሌ አይደለም

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ከሐበሻ ጋር ቡና እየጠጣችሁ ስለ ሰፈር ስብሰባ ብታነሱ ከሁለት መልሶች አንዱን ትሰማላችሁ። አንዱ «ተወው ባክህ፣ ጨርሰው ነው የሚጠሩን» ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እዚያ ሄጄ ስሜን አላስመዘግብም» ይላል። አንዱ ንቀት፣ ሌላው ፍርሃት ይመስላል፤ ምንጫቸው ግን አንድ ነው፣ ቀበሌ። እኛ ያደግንበት ስብሰባ የቀረ የሚጠየቅበት፣ የመጣ የሚያንቀላፋበት፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም እጁን አውጥቶ ወደ ቤቱ የሚገባበት ነበር። ያንን ትዝታ ይዘን ነው የተሻገርነው፤ በማንም አይፈረድም። ችግሩ፣ የዲሲው ነገር በሌላ ሕግ የሚሄድ ሆኖ ሳለ እኛ በድሮው ሚዛን ስንለካው ከሬስቶራንታችን በረንዳ እስከ ቤት ኪራያችን የሚነካ ውሳኔ በሌላ ሰው ቃል ብቻ ያልፋል።

ዘመኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ከተማዋ ራሷን የምታስተዳድርበት ሕግ የወጣው በ1973 ነው። በቀጣዩ ዓመት ነዋሪዎች በሕዝበ ውሳኔ ሲያጸድቁት የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖች እንዲቋቋሙም አብረው ወሰኑ። ነዋሪው በአጭሩ ኤኤንሲ ይላቸዋል። ሥራ የጀመሩት በ1976 ሲሆን፣ ከ2023 ጀምሮ ቁጥራቸው 46 ደርሷል። በውስጣቸው 345 ትንንሽ የምርጫ ክልሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ክልል ወደ 2,000 ነዋሪ ይይዛል። 13 አባላት ካሉት የከተማው ምክር ቤት በታች ሆነው የሰፈሩን ድምፅ ወደ ላይ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።

«ኮሚሽነሩ ያው የቀበሌ ሊቀመንበር ነው»

አይደለም። ደመወዝ የለውም። የምርጫ ክልሉን ወክሎ ኮሚሽኑ ውስጥ የሚቀመጥ፣ በየሁለት ዓመቱ የሚመረጥ ጎረቤት ነው፤ ያለ ፓርቲ ይወዳደራል፣ ዕጩ ለመሆንም የ25 መራጮች ፊርማ ይበቃዋል። መታወቂያ አያድስም፣ ቤት አይሰጥም፣ ዘይትና ስኳር አያከፋፍልም። ቀን የራሱን ሥራ ሲሠራ ውሎ ማታ ስለ ፓርኪንግና ስለ አይጥ የሚሟገት ሰው ነው።

«የመጠጥ ፈቃዱ በእሱ እጅ ነው»

ይህ የንግድ ሰዎቻችን ትልቁ ስሕተት ነው። አንድ ወዳጄ ምግብ ቤት ሊከፍት ሲሰናዳ የሰፈሩን ኮሚሽነር በክትፎ ሊጋብዝ አስቦ ነበር። «ፈራሚው እሱ ነው ብለውኛል» አለኝ። ፈራሚው እሱ አይደለም። የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው የከተማው የአልኮል ቦርድ ነው። ማመልከቻው ሲገባ በቤቱ መስኮት ላይ ማስታወቂያ ይለጠፋል፤ የተቃውሞ ጊዜው ሳያልፍ ኮሚሽኑም ጎረቤቶችም ተቃውሞ ማስገባት ይችላሉ።

ክትፎው ከንቱ የሆነበት ሌላም ምክንያት አለ። አንድ ኮሚሽነር ለብቻው የሚሰጠው አስተያየት በሕግ ፊት የአንድ ሰው አስተያየት ነው። ሕጉ ክብደት የሚሰጠው ኮሚሽኑ አስቀድሞ ለሕዝብ ባሳወቀው ስብሰባ፣ ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቶ፣ ሁሉም በሚያይበት ድምፅ ለሰጠበት የውሳኔ ሐሳብ ነው። በጓዳ የሚያልቅ ነገር የለም፤ ቢያልቅም አይቆጠርም።

ታዲያ ባለ ምግብ ቤቱ ስብሰባው ላይ ምን ያደርጋል? ከጎረቤት ጋር የስምምነት ሰነድ ይዋዋላል። በረንዳው እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን፣ ሙዚቃው እስከ የት እንደሚሰማ፣ ቆሻሻው በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ በዝርዝር ይጻፋል። ቦርዱ ሲያጸድቀው የፈቃዱ አካል ይሆናል፤ መጣሱም ያስቀጣል። ከባለቤቶቻችን መካከል ይህን ወረቀት ሳያነቡ የፈረሙ አሉ። ቅዳሜ ሌሊት ዘፋኝ አምጥተው በራሳቸው ፊርማ ሲጠየቁ «ጠምደውናል» ይላሉ። መጠመድ የለም ብዬ አልምልም፤ ሰነዱ ግን በአብዛኛው ድርድር ነው፤ የሚያግባባ እስኪሆን ድረስ ቃላቱን ማስለወጥ ይቻላል። ከመፈረም በፊት አማርኛና እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ቢያነብላችሁ ከክትፎው ይረክሳል።

ኮሚሽኖቹ ደግሞ ሁልጊዜ የነጋዴ ጠላት አይደሉም። የእኛ ምግብ ቤቶች በሚበዙበት በዩ ጎዳና አካባቢ አዲስ የመጠጥ ፈቃድ ጨርሶ እንዳይሰጥ የጠየቁ ነዋሪዎች ነበሩ። ጉዳዩ የሚመለከታቸው የሰፈር ኮሚሽኖች ተቃወሙት፤ ቦርዱም በ2013 ጥያቄውን ውድቅ አደረገው።

«ጨርሰው ነው የሚጠሩን»

እውነት ያለበት ሐሜት ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። የከተማው መሥሪያ ቤቶች ሰፈሩን የሚነካ ነገር ሲያስቡ ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ማሳወቅ አለባቸው። ጊዜው ቅዳሜ፣ እሑድና በዓል ሳይቆጠር 30 ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ዕቅዱ ብዙውን ጊዜ ተነድፏል፤ አልሚውም ከባለሥልጣናቱ ጋር ተነጋግሯል። «ጨርሰው ነው» የሚለው ሰው ባዶ ሜዳ ላይ አልጮኸም።

ነገር ግን የዲሲ ሕግ ከሌሎች ብዙ ከተሞች የሚለይበት አንድ ሐረግ አለው፤ «ትልቅ ክብደት» የሚል። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «የኮሚሽኑ ቃል ያስገድዳል ማለት ነው» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስሕተት ነው። ሌላው «እንግዲያው ባዶ ቃል ነው» ይላል፤ ይህም ስሕተት ነው። በ1977 የከተማዋ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በአንድ የመጠጥ ፈቃድ ክርክር ላይ ፍቺውን ሰጥቶታል። መሥሪያ ቤቱ በኮሚሽኑ ሐሳብ መስማማት አይገደድም፤ ነገር ግን ኮሚሽኑ ላነሳው ለእያንዳንዱ ነጥብ ለምን እንደተቀበለው ወይም እንዳልተቀበለው ለይቶ በጽሑፍ መመለስ አለበት። «አስተያየታችሁን አይተነዋል፣ እናመሰግናለን» አይበቃም።

ዋናው ነገር ይኸው ነው። በእኛ አገር ስብሰባ ሰብሳቢው ይናገራል፣ ሕዝቡ ያዳምጣል፤ ግዴታ ያለበት ተሰብሳቢው ነው። እዚህ ግዴታው የባለሥልጣኑ ነው፤ መልሱ ተጽፎ ይቀመጣል፣ የተጻፈ ነገር ደግሞ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

የማክሚላንን ታሪክ ብታዩ ይገባችኋል። በኖርዝ ካፒቶል ጎዳና ዳር 25 ኤከር የሚሆን፣ የሲሚንቶ ማማዎች የተደረደሩበት ሰፊ መስክ ነበር። ከ1905 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት የከተማዋ የመጠጥ ውኃ በአሸዋ ሲጣራበት የኖረ ቦታ ነው። ከተማዋ በ1987 ከፌዴራል መንግሥት ገዛችውና ለዓመታት አጥራው ተቀመጠች። በኋላ የሕክምና ሕንፃ፣ መኖሪያ ቤት፣ ገበያና መናፈሻ ይሠራበታል የሚል ዕቅድ መጣ። ከነዋሪው መካከል የደገፈም የተቃወመም ነበር። ተቃዋሚዎቹ በየመድረኩ እየቀረቡ ስለ ሕንፃው ከፍታ፣ ስለ ታሪካዊው ቦታ፣ አቅም የሌለው ሰው ከሰፈሩ ስለመገፋቱ ተናገሩ፤ ጽፈውም አስገቡ። የመሬት አጠቃቀምን የሚወስነው የከተማው ዞኒንግ ኮሚሽን ግን ፈቀደ።

በዲሴምበር 2016 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ያንን ፈቃድ ሻረው። «ሕንፃው አይሠራም» አላለም። ዞኒንግ ኮሚሽኑ ለተነሱት ጥያቄዎች በቂ መልስ አልሰጠም፣ ተመልሶ ይመልስ አለ። ዞኒንግ ኮሚሽኑ ጉዳዩን እንደገና ሰማ፣ ምክንያቱን ጻፈ፣ ዳግመኛ ፈቀደ። በኋላ ግንባታው ተጀመረ፤ የማኅበረሰብ ማዕከሉ በ2024 ተከፍቷል። እንግዲህ ተቃዋሚዎቹ አሸነፉ ወይስ ተሸነፉ? ፕሮጀክቱ ስለቀጠለ ተሸነፉ የሚል አለ። እኔ ግን አንድ ተራ ነዋሪ በመድረክ በጥቂት ደቂቃ የተናገረው ነገር አንድን ትልቅ ፕሮጀክት ለዓመታት አቁሞ ባለሥልጣናትን ምክንያታቸውን እንደገና ሲያስጽፍ ከተማው ውስጥ ሌላ የት እንዳየሁ ማስታወስ ያቅተኛል። ሁሉን የሚያገኝ ግን የለም፤ ይህም መታወቅ አለበት።

የፈቃዱ ቀን ካለፈ በኋላ ሰልፍ መውጣት ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። በጊዜው መዝገብ ላይ ያልሰፈረን ነገር ፍርድ ቤቱም አይፈልግላችሁም።

«ሰው አሰልፈን ብንሄድ ይፈሩናል»

ማኅበሮቻችን የሚወዱት ዘዴ ነው፤ አውቶቡስ ተከራይቶ፣ ባንዲራ ይዞ፣ አዳራሽ መሙላት። የምክር ቤቱ መድረክ ግን እጅ የሚቆጠርበት አይደለም። ተናጋሪ አስቀድሞ ይመዘገባል፣ ብዙ ጊዜ 3 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ ሃምሳ ሰው ያንኑ አንድ ነገር ቢደጋግም መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው አንድ ነጥብ ነው። አዳራሽ ሳይመጣ በጽሑፍ የላከም እኩል ይመዘገብለታል። አንዲት እናት «አውቶቡስ ፌርማታው ከተነሳ ለዳያሊሲስ በሳምንት ሦስት ቀን የምሄደው በምንድን ነው?» ብላ ብትጽፍ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ አቀረበች ማለት ነው። «ማኅበረሰባችን በጽኑ ይቃወማል» የሚለው ግን መልስ አይጠይቅም።

ከመድረኩ በፊት ጎረቤትን ማነጋገር የሚሻል መሆኑን በራሳችን አይተነዋል። የሎስ አንጀለስ ምክር ቤት በ2002 በፌርፋክስ ጎዳና ያለውን የሐበሻ ሰፈር «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይም እኛም ተነሳሳን። በ2005 የዲሲን 9ኛ ጎዳና በዚሁ ስም ለማስጠራት ሐሳብ ቀረበ። ሰፈሩ ግን እኛ ከመምጣታችን በፊት የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ ማዕከል ነበር፤ ነባር ነዋሪዎች «የእኛስ ታሪክ?» ብለው ተቃወሙ፣ ስያሜውም ያኔ ሳይሳካ ቀረ። እውነት ነበራቸው።

«እንግሊዝኛዬ አይመጥንም፣ ዜጋም አይደለሁም»

አማርኛ በዲሲ መሥሪያ ቤቶች ቦታ ያለው ቋንቋ ነው። በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። አንድ መሥሪያ ቤት ከሚያገለግለው ሕዝብ 3 በመቶ ወይም 500 ሰው፣ ከሁለቱ ያነሰው፣ አንድን ቋንቋ የሚናገር ከሆነ ደግሞ ዋና ዋና ሰነዶች በዚያ ቋንቋ ይተረጎማሉ። አማርኛ ከስፓኒሽና ከቻይንኛ ጋር በዚያ ዝርዝር ውስጥ አለ። ሕጉ ቀዳዳም አለው፤ የሰፈር አማካሪ ኮሚሽኖችን ከግዴታው አውጥቷቸዋል። ለሕዝብ በጣም የቀረበው መድረክ ከቋንቋ ግዴታ ነፃ መሆኑ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው። በነሱ ስብሰባ አስተርጓሚ የምትፈልጉ ከሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

ለመናገር ዜግነት አያስፈልግም፤ ወረቀት የሚጠይቃችሁም የለም። በምርጫውም ቢሆን ምክር ቤቱ በ2022 ባወጣው ሕግ መሠረት ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎች በ2024 ለመጀመሪያ ጊዜ በከተማው ምርጫ ድምፅ ሰጥተዋል፤ የኮሚሽነሮቹን ምርጫ ጨምሮ። የተሰጣቸው የድምፅ መስጫ ወረቀት ለብቻ የተዘጋጀ፣ የከተማውን ምርጫ ብቻ የያዘ ነበር። ኮንግረስ ውስጥ ይህን ሕግ ሊያስወግዱ የሚታገሉ አሉና ከመመዝገባችሁ በፊት ያለበትን ሁኔታ አጣሩ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃም አማክሩ። ለንግግሩ ግን ጠበቃ አያስፈልግም።

ኮሚሽኖቹ በሕግ በዓመት ቢያንስ 9 ጊዜ መሰብሰብ አለባቸው፤ አብዛኞቹ በወር አንድ ምሽት ይሰበሰባሉ። የሚመጣውን ወር አጀንዳ አንብቡና ከበራችሁ ፊት ስላለው አንድ ነገር አንድ ገጽ ጽፋችሁ ላኩ።