ፈረስ በታፋው ሲሸከም

ፈረስ ቆሞ ሲያዩት ክብደቱ በአራቱም እግሮቹ ላይ እኩል ያረፈ ይመስላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ከባድ ጭንቅላቱና ረጅም አንገቱ ከፊት ስለሚንጠለጠሉ ከክብደቱ ከመቶ ከ55 እስከ 60 የሚሆነውን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። ኮርቻም ከጀርባው መሐል ወደ ፊት ጠጋ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ ሰው ሲወጣበት የሚጨመረው ሸክም በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያው ከፊት ነው። ገና እየተገራ ያለ ወጣት ፈረስ ሶምሶማ ሲረግጥ ወደ ፊት የሚደፋ የሚመስለው፣ ዛቡ ላይ የሚከብደው፣ መታጠፊያ ላይም የሚደናቀፈው ለዚህ ነው። የፈረስ ገሪዎች ለብዙ ዘመን የደከሙት ይህን ሚዛን ለማስተካከል ነው። የሚፈልጉትም ፈረሱ የኋላ እግሮቹን ከሆዱ ሥር አስገብቶ፣ ታፋውን ዝቅ ትከሻውን ከፍ አድርጎ፣ ሸክሙን ከፊት እግሮቹ ጋር እንዲካፈል ነው። ብዙ ጋላቢ ይህን አቋም በዛብ ስቦ ሊያመጣው ይሞክራል። ከአካሉ አሠራርም ሆነ ከረጅሙ የግልቢያ ትምህርት የምንረዳው ግን አቋሙ ከኋላ በልምምድ የሚገነባ ጉልበት መሆኑን ነው፤ የአንገቱ ቅርጽ የዚያ ውጤት ነው።

የፈረስ የፊትና የኋላ አካል የተሠራው ለተለያየ ሥራ ነው። የኋላ እግሮቹ በዳሌው በኩል ከአከርካሪው ጋር የተጋጠሙ ስለሆኑ መሬት ሲገፉ ግፊቱ በቀጥታ ወደ ጀርባው ይተላለፋል። የፊት እግሮቹ ግን ከአከርካሪው ጋር የሚያገናኛቸው አጥንት የለም። ሰው ከአንገቱ ሥር ግራና ቀኝ ያለው አጥንት በፈረስ ዘንድ የለም፤ ደረቱ በሁለቱ ወርቾች መሐል በጡንቻና በጅማት ብቻ ተንጠልጥሏል። እነዚህ ጡንቻዎች ሲጠነክሩ ደረቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ሲዝሉ ወደ ታች ይሰምጣል። ከኋላ ደግሞ የወገቡ የመጨረሻ አጥንት ከታፋው አጥንት ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ አለ። የቀረው ወገብ ብዙም አይታጠፍም፤ ዳሌውን ወደ ሆዱ ሥር የሚያስገባለት በዋናነት ይህ መጋጠሚያ ነው። ከዚያ በታች ያሉት የኋላ ጉልበቱና ቋንጃው በጅማት ስለተሳሰሩ አንዱ ሲታጠፍ ሌላውም አብሮ ይታጠፋል። ከባድ ጆንያ የሚያነሳ ወዛደር ጉልበቱን አጥፎ ከሸክሙ ሥር እንደሚገባ ሁሉ፣ ፈረስም በኋላው ለመሸከም እነዚህን መጋጠሚያዎች በሙሉ ማጠፍ አለበት። ይህ የጡንቻ ሥራ ነው፤ ስለዚህም ያደክማል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። ፈረስ በአሸዋ ላይ ሲሄድ የኋላ ኮቴው የፊቱን ዱካ አልፎ ካረፈ፣ የኋላ እግሮቹ በደንብ እየሠሩ ነው ይባላል። ዱካው የሚናገረው ግን የእርምጃውን ርዝመት ብቻ ነው። ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ የኋላ እግሩን እጅግ ሩቅ ይወረውራል፤ ሚዛኑ ግን ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። እግር ወደ ፊት መዘርጋቱ አንድ ነገር ነው፤ መሬት ረግጦ ክብደት ከተቀበለ በኋላ መታጠፉ ሌላ ነገር ነው። በተለመደው ሶምሶማ የፊት እግሮች በአመዛኙ ይገታሉ፣ የኋላዎቹ በአመዛኙ ይገፋሉ። ጋላቢው በተረከዙ እየኮረኮረ ማፍጠን ብቻ ከያዘ የሚያገኘው ተጨማሪ ግፊት ነው፤ ግፊቱም ፈረሱን ይብሱን ወደ ፊት ይደፋዋል። የሥልጠናው ዓላማ ከዚህ ግፊት ከፊሉን ወደ መሸከም መለወጥ ነው።

ይህን ለውጥ እንዴት ማምጣት እንደሚቻል ሰዎች ማሰብ የጀመሩት ከጥንት ነው። አቴናዊው የጦር ሰው ዜኖፎን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዘመን ስለ ግልቢያ በጻፈው መጽሐፍ ቋንጃውን አጥፎ ፊቱን የሚያነሳ ፈረስን ይገልጻል፤ በኃይል የሚገኝ ውበት እንደሌለም ይከራከራል። በ17ኛው መቶ ዘመን እንግሊዛዊው የኒውካስል መስፍን ፈረሱን በክብ ላይ እያዞረ ትከሻውን ወደ ውስጥ ያመጣ ነበር። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሮቢሾን ደ ላ ጌሪኒዬር ግን ክቡ ክብደቱን መልሶ ትከሻ ላይ ይጥለዋል በማለት ልምምዱን ከክብ አውጥቶ በቀጥታ መስመር ላይ አዋለው፤ እ.ኤ.አ. በ1733 በወጣው «ኤኮል ደ ካቫለሪ» በተባለው መጽሐፉም አብራራው። ልምምዱ ዛሬ ሲሠራ ፈረሱ በግድግዳ ጥግ ይሄዳል፤ ገላው በጋላቢው የውስጥ እግር ዙሪያ በመጠኑ ይለመጣል፤ ትከሻው ብቻ ከግድግዳው 30 ዲግሪ ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። ከፊት የሚያዩት ሰው አራት ሳይሆን ሦስት የእግር መስመር ይታየዋል፤ የውስጡ የኋላ እግር በውጭው የፊት እግር መስመር ላይ ስለሚረግጥ ነው። ይህ እግር ወደ ጎን እንዳያመልጥ ግድግዳውና ልምጠቱ ስለሚያግዱት ከሆድ ሥር ከመግባትና ከመታጠፍ በቀር መሄጃ የለውም። በሰነድ ስሙ ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የሚገኘው የቪየናው የስፔን የግልቢያ ትምህርት ቤት እስከ ዛሬ የሚያስተምረው የላ ጌሪኒዬርን መንገድ ተከትሎ ነው።

ጋላቢው ይህን ሲጠይቅ ዋናው ነገር ጊዜውን መጠበቅ ነው። ፈረስ በዝግታ ሲራመድ ሆዱ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ግራው የኋላ እግር ተነስቶ ወደ ፊት ሲመጣ ሆዱ ቦታ ለቆለት ወደ ቀኝ ይሄዳል፤ በዚያች ቅጽበት የጋላቢው ግራ እግር ከጎድኑ ጋር ወደ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማዋል። እግሩን ለስለስ አድርጎ መጫን ያለበት ያን ጊዜ ነው። ኮቴው መሬት ረግጦ ክብደት ከተቀበለ በኋላ ቢጫን ፈረሱ የዚያን እግር መንገድ መለወጥ አይችልም፤ ትርፉ መደናገር ነው። ከሶምሶማ ወደ እርምጃ፣ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ ቶሎ ቶሎ መሸጋገርም ኋላውን ያሠራዋል፤ ጋላቢው መጀመሪያ ወገቡን አቅንቶ ከተቀመጠና እግሩን ከጠጋ በኋላ እጁ ለአፍታ ብቻ ይዞ መልቀቅ አለበት። ዳገት በዝግታ መውጣት፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ መመለስ፣ በሶምሶማ ከ1.3 ሜትር ገደማ ርቀት የተዘረጉ አጣናዎችን መሻገር በየፊናቸው ይረዳሉ። በየመሐሉ ፈረሱ አንገቱን ዘርግቶ እንዲያርፍ መደረግ አለበት፤ የደከመ ጡንቻ መጋጠሚያውን አይጠብቅምና።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? በዛብ ወይም በማሰሪያ ጠፍር አንገቱን ብናጥፈው ቅርጹ ወዲያው ይመጣ የለም ወይ? የሚል አለ። ቅርጹ በእርግጥ ይመጣል። የሚመጣው ግን የአንገት ቅርጽ ብቻ ነው። ፈረሱ ልጓሙን ሽሽት አፍንጫውን ወደ ደረቱ ሲሸጉጥ ጀርባው ሊገተርና የኋላ እግሮቹ ወደ ኋላ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ከሩቅ ያማረው ፈረስ አሁንም በፊቱ ነው የሚሸከመው። ዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2010 አንገትን በኃይል ማጠፍ ተቀባይነት የለውም ብሏል፤ የፈረስ መገራት የሚመዘንበት የድሬሳዥ ውድድር ደንቡም የፈረሱ ፊት ከላይ ወደ ታች ቀጥ ወዳለ መስመር ቢቀርብ እንኳ አፍንጫው በጥቂቱ ወደ ፊት እንዲቀድም ይጠይቃል። እንዲህ ሲባል እጅ ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ከኋላ የመጣውን ግፊት የሚቀበል እጅ ከሌለ ግፊቱ በፍጥነት ብቻ አልቆ ይቀራል። ቅደም ተከተሉ ግን መጀመሪያ ኋላው ይሠራል፣ ከዚያ እጅ ይቀበላል ነው።

ጠንከር ያለው ሙግት ከሳይንስ በኩል የሚመጣው ነው። በመለኪያ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት፣ ፈረሱ ኋላውን ከሆዱ ሥር አስገብቶ በሚረግጠው «የተሰበሰበ» ሶምሶማ እንኳ የፊት እግሮች ብዙ ክብደት መሸከማቸውን አይተዉም፤ ወደ ኋላ የሚዛወረው ክብደት ዓይን ከሚገምተው ያነሰ ነው። የፈረሱ ፊት ከፍ የሚለው በከፊል የፊት እግሮቹ ራሳቸው ደረቱን ወደ ላይ ስለሚገፉት ነው። እንግዲያው የድሮዎቹ ገሪዎች ተሳስተዋል ማለት ነው? በአነጋገራቸው አጋንነዋል ቢባል ያስኬዳል። ኋላው ሲሸከም የሚያዩት ግን እውነት ነው፤ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ከመሬት አንስቶ ታፋውን አጥፎ የሚቆመው የቪየና ፈረስ ክብደቱ ሁሉ በኋላ እግሮቹ ላይ ነው። ልኬቱ የጨመረልን ነገር ቢኖር የደረቱን ማንጠልጠያ ጡንቻዎችም በሥልጠናው ውስጥ ማስገባት እንዳለብን ነው። እነዚህን ጡንቻዎች ደግሞ ዛብ የሳበ እጅ ሊያጠነክራቸው አይችልም፤ ስለዚህ ልኬቱ አቋሙ በዛብ አይመጣም የሚለውን ሙግት ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም።

ሜዳ ላይ የተለቀቀ ፈረስ ማንም ሳያስተምረው ታፋው ላይ ተቀምጦ ይዞር የለም ወይ ለሚልም መልሱ ቅርብ ነው። ይዞራል፤ ግን ለአፍታ ነው፣ ጀርባውም ባዶ ነው። በአገራችን የጉግስ ጨዋታ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በሽምጥ የሚሳደደው ፈረስ ድንገት ቆሞ ሲታጠፍ ኋላውን ከሥሩ ካላስገባ ፈረሰኛው ወደ ጋማው ይንሸራተታል፣ የፊት ወርቾቹም ሙሉውን ድንጋጤ ይቀበላሉ። ጨዋታው ለቅጽበት የሚጠይቀውን ሚዛን ሰው ተሸክሞ ረጅም ሰዓት ለማቆየት ግን ጡንቻ መገንባት ያስፈልጋል፤ ይህም ወራትና ዓመታት ይወስዳል። የፈረስ አከርካሪ አድጎ የሚጨርሰው ከ5 ዓመት ዕድሜ በኋላ ነውና በወጣትነቱ መቸኮል ቋንጃውንና ጅማቱን ያስከፍለዋል። እምቢ የሚል ወይም ጭራውን የሚያወናጭፍ ፈረስም እልኸኛ ከመባሉ በፊት ሕመም እንዳለበት መመርመር ይገባዋል።

ሥራው መሳካቱን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ፤ በድሬሳዥ ውድድርም ይጠየቃል። ጋላቢው ፈረሱ በሶምሶማ ላይ እያለ ለጥቂት እርምጃ እጁን ወደ ፊት ሰዶ ዛቡን ያላላለታል። ፈረሱ ወዲያው ከፈጠነ፣ ከተደፋ ወይም አንገቱን ሽቅብ ከወረወረ ቅርጹን ይዞት የነበረው እጅ ነበር። ምቱንና ሚዛኑን ሳይለቅ ከቀጠለ ግን ታፋው ይሸከመዋል ማለት ነው። በዚህ ፈተና የወደቀ ጋላቢ መድኃኒቱን ዛቡን በማሳጠር አይፈልግ፤ ወደ ግድግዳው ጥግ፣ ወደ ዳገቱና ወደ ዝግታው እርምጃ ይመለስ።